ፊደሉ የጠፋበት ኪቦርድ፦ ከደሴ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ ከተሰማራሁ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው ወረቀቱን እስኪቀበል ዓይኑ ኪቦርዱ ላይ ያርፍና “ፊደል በሌለው ቁልፍ እንዴት ይጻፋል?” ይለኛል። ከሸዋ በርና ከቧንቧ ውሃ ሰፈሮች፣ አልፎ አልፎም ከኮምቦልቻ ኪቦርድ በፌስታል ይዘው መጥተው “ይጠገናል ወይስ ልጣለው?” የሚሉም አሉ። ይጠገናል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ነገር ግን በተሳሳተ ዕቃ የተሞከረ ጥገና ጤነኛውን ኪቦርድ ሲገድል ብዙ ጊዜ አይቻለሁና፣ የምጠየቀውንና የምመልሰውን እዚህ አስፍሬዋለሁ። የላቲን ፊደሎቹን በምንጠራበት ስም፣ ማለትም ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያልኩ እጽፋቸዋለሁ።

ፊደሉ ከጠፋ ኪቦርዱ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አይደለም። በቁልፉ ላይ ያለው ፊደል ለእኛ ዓይን የተጻፈ ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተጫነውን ቁልፍ ቦታ ነው፤ በላዩ ምን እንደተጻፈ አያይም። ባዶ ጽሑፍ ይክፈቱና ከላይኛው ረድፍ ጀምረው እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ አንድ ጊዜ ይጫኑ። ሁሉም ከጻፈ ኪቦርዱ ጤነኛ ነው። አንዱ ቁልፍ ዝም ካለ፣ ወይም አንድ ጊዜ ተጭነው ሁለት ፊደል ከጻፈ ግን ችግሩ ከውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእንደዚያ ዓይነቱ ብልሽት አይረዳም።

ለምን አንዳንዶቹ ቀድመው ይጠፋሉ? ኪውና ዜድ እኮ እንደ አዲስ ናቸው!

ብዙ የሚነካ ቀድሞ ይፋቃል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ኢ ነው። በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ጫናው በአናባቢዎቹ ላይ ይበረታል። አብዛኞቻችን የምንጽፈው ድምፅን ተከትሎ በሚሄደው ስልት ነውና “ሰላም” ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም እንጫናለን። ሦስት የአማርኛ ፊደል ለመጻፍ አምስት ምት ማለት ነው። ከአምስቱ ሁለቱ አናባቢዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥም ይመላለሳሉ። ስለዚህ የአማርኛ ጸሐፊ ኪቦርድ ገና ሲታይ ይታወቃል፤ ኤ፣ ኢ፣ ዩ፣ አይና ኦ ባዶ ሆነው፣ ኤን፣ ቲ፣ ኤልና ኤም ደብዝዘው ይገኛሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ፊደሉ የታተመበት መንገድ ነው። በርካሹ ኪቦርድ ላይ ፊደሉ እንደ ማኅተም ከላይ የተመታ ቀለም ነው፤ ቀለሙ ካለቀ አለቀ። በሌዘር ጨረር የተጻፈው ከዚያ ይሻላል። ከሁሉ የሚበረታው ቁልፉም ፊደሉም ከሁለት ዓይነት ቀለም ካለው ፕላስቲክ ተዋህደው የሚቀረጹበት ነው። እዚህ ላይ ፊደሉ ራሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ቁልፉ እስኪያልቅ ድረስ አይጠፋም። የፕላስቲኩም ዓይነት ይለያያል። ኤቢኤስ የሚባለው ርካሽና የተለመደ ነው፤ በጣት ብዛት እየለሰለሰ ያብረቀርቃል። ፒቢቲ የሚባለው ጠንካራ ነው፤ ሻካራነቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል።

ሦስተኛው የእኛው እጅ ነው። ላብ፣ የቆዳ ቅባት፣ ረዘም ያለ ጥፍር፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል ሁሉም ቀለሙን ይበላሉ። በደሴ ብርድ እጃችን ስለሚደርቅ ቫዝሊን ቀብተን ወደ ሥራ እንቀመጣለን። በሐረጎ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ ከተማዋ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናትና ሙቀቱ እጅን ያልባል። እዚህ በቅባት፣ እዚያ በላብ ይፋቃል።

ከሁሉ የሚሻለው ርካሽ መንገድ የትኛው ነው?

ለእኔ መልሱ አንድ ነው፦ በስቲከር ወረቀት ላይ በሌዘር ፕሪንተር ታትሞ፣ በግልጽ ፕላስተር ተሸፍኖ የተቆረጠ ፊደል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የኪቦርድ ስቲከር ካገኙ እሱም ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ የአማርኛ ፊደል ያለበትን በፈለጉት ጊዜ ላያገኙት ይችላሉ፤ አንድ ወረቀት ስቲከር ደግሞ ለበርካታ ኪቦርድ ይበቃል። አሠራሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ፤ ነገሩ የሚበላሸው በትንንሾቹ ደረጃዎች ላይ ስለሆነ።

መጀመሪያ የቁልፉን አናት በማስመሪያ ይለኩ። የዴስክቶፕ ቁልፍ አናቱ ብዙ ጊዜ ወርዱ 12፣ ቁመቱ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የላፕቶፕ ደግሞ ሰፋ ይላል። ስቲከሩ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሁን። ከቁልፉ ጠርዝ ጋር እኩል የሆነ ስቲከር ጣት በዳሰሰው ቁጥር እየተነሣ በመጨረሻ ይላቀቃል። ለምሳሌ ለ12 በ14 ቁልፍ 11 በ13 ይበቃል።

ከዚያ ማይክሮሶፍት ወርድ በሚባለው የኮምፒውተር መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ የእያንዳንዱን ሳጥን ወርድ 1.1፣ ቁመት 1.3 ሴንቲ ሜትር ያድርጉ። ፊደሉን ደማቅና ወፍራም አድርገው ይጻፉ፤ 14 ወይም 16 መጠን ለላቲኑ ይበቃል። ብዙ ሰው ኪቦርዱ ጥቁር ስለሆነ ስቲከሩም ጥቁር ሆኖ ፊደሉ ነጭ እንዲሆን ይፈልጋል። እኔ አልመክርም። ያን ያህል ጥቁር ማተም ቶነር ይጨርሳል፤ የተቆረጠው ጠርዝም ነጭ እየሆነ ያስጠላል። በነጭ ላይ ጥቁር ፊደል ይበልጥ ይነበባል፤ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎችማ በጣም ይረዳል።

ማተሚያው ሌዘር መሆን አለበት። የሌዘር ቶነር በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ ዱቄት ስለሆነ ላብና ውሃ አያፈስሰውም። በፈሳሽ ቀለም የሚሠራው ፕሪንተር ያተመው ግን እርጥብ ጣት ሲነካው ይጨማለቃል። ስቲከር ወረቀቱም ለሌዘር የተሠራ መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ፤ ሙቀት የማይችል ሙጫ ማሽኑ ውስጥ ሊቀልጥ ይችላል። ግማሹ የተላጠ ስቲከር ወረቀትም ወደ ፕሪንተር አይመልሱ። ፕሪንተር ከሌለዎት በየሰፈሩ ያለ ኮፒ ቤት አንድ ገጽ ያትምልዎታል።

አሁን ሳይቆርጡ በፊት ግልጹን ፕላስተር፣ ማለትም ስኮች የምንለውን፣ በታተመው ወረቀት ላይ ይለጥፉና በማስመሪያ ጠርዝ እየገፉ አየሩን ያስወጡ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አስቀድመው ቆርጠው ቁልፉ ላይ ከለጠፉ በኋላ ፕላስተሩን ከላይ ያደርጋሉ፤ ያኔ ፕላስተሩ ከወረቀቱ ተርፎ አቧራ ይሰበስባል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆረጡ ጠርዛቸው እኩል ይሆናል። ቀጥታውን በምላጭና በማስመሪያ ይቁረጡ፤ ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች በመቀስ ትንሽ ያክብቧቸው። ሹል ማዕዘን ሁልጊዜ ቀድሞ ይነሣል።

የመጨረሻው ማጽዳት ነው። ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉ። ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮል ጥጥ ነክረው፣ ጥጡን በደንብ ጨምቀው፣ ስቲከር የሚለጠፍባቸውን ቁልፎች ብቻ ይጥረጉ። ጤነኞቹን ቁልፎች በአልኮል አይንኩ፤ የቀረውን ቀለም ሊወስደው ይችላል። ሲደርቅ ስቲከሩን በወረንጦ ይዘው ያስቀምጡና በአውራ ጣት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጫኑት። ሙጫው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ቆይቶ ስለሆነ አመሻሽ ላይ ለጥፎ ማሳደር ጥሩ ነው።

ለደሴ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አይለጥፉ። ከ10 ዲግሪ በታች ሙጫ ይደነድናል፤ የተጣበቀ መስሎ በሁለተኛው ቀን ይነሣል። ፀሐይ እስክትሞቅ ይጠብቁ።

በማርከር ብጽፍበትስ?

ቁልፉ ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ በማይለቅ ጥቁር ማርከር መጻፍ ይቻላል፤ ግን ብዙ አይቆይም። የጣት ቅባት ያነሣዋል፤ በተለይ ባብረቀረቀ ቁልፍ ላይ። ለጥቁር ቁልፍ ዘይት መሠረት ያለው ነጭ የቀለም ማርከር ያስፈልጋል። ይህ ከተራው ማርከር የተለየ ነው፤ ሲያናውጡት ውስጡ ትንሽ ኳስ ይንኳኳል። የተሻለ ይቆያል። በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሲጠይቁ “ብረትና መስታወት ላይ የሚጽፈውን” ካሉ ይረዱዎታል።

ከመጻፍዎ በፊት ቁልፉን በአልኮል አጽድተው፣ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በጣም በላመ የብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለስለስ አድርገው ይሹት፤ ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያገኛል። መብራት ባለው ኪቦርድ ላይ ግን ይህን በፍጹም አያድርጉ፤ ምክንያቱን ስለ ላፕቶፕ ስናነሣ እነግርዎታለሁ።

ኮሬክተር አለኝ። በስቴኪኒ ባደርገውስ?

እባክዎ ይተዉት። ኮሬክተር የተሠራው ለወረቀት ነው። ፕላስቲክ ላይ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይሆናል፤ በየቀኑ እየተፈረፈረ ነጭ ብናኙ በቁልፎቹ መካከል ይገባል። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስቱም ፊደል በኮሬክተር የተጻፈበት ኪቦርድ መጥቶልኝ ነበር። ኢ እና ኤፍ አንድ ዓይነት መስለው፣ አንዳንዱ ቁልፍ በደረቀ ኮሬክተር ተጣብቆ አልመለስ ብሎ ነበር። ጸሐፊዋ ባለፉት ቀናት የሰዎችን ስም እየተሳሳተች እንደጻፈች ስትነግረኝ ከልቤ አዘንኩ። የስም ስሕተት ያለበት ደብዳቤ የያዘ ሰው ስንት ቀን እንደሚመላለስ አውቃለሁ። ያንን ኪቦርድ ያዳንኩት ቁልፎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ በሳሙና ውሃ ካሳደርኩ በኋላ ነው።

የጥፍር ቀለምስ?

ነጭ የጥፍር ቀለም ከኮሬክተር በጣም ይሻላል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ አይፈረፈርም። በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ነክተው ፊደሉን በነጥብ በነጥብ ይሥሩት። መስመር ልሳል ካሉ ይወፍርና ይበላሻል። ሲጨርሱ ሌሊቱን ይደር፤ በአሥር ደቂቃ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ገና ለስላሳ ነው። መስኮት ከፍተው ይሥሩ፤ ሽታው ከባድ ነው።

ግልጹን የጥፍር ቀለም በማርከር ጽሑፍ ላይ እንደ መሸፈኛ የሚቀቡ አሉ። ሐሳቡ ልክ ነው፤ አደጋው ግን በጥፍር ቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሟያ የማርከሩን ቀለም ያሟሟል። ብሩሹን ከጎተቱ ፊደሉ አብሮ ይጎተታል። ከፊደሉ በላይ አንድ ጠብታ አስቀምጠው ራሷ እንድትዘረጋ ይተዉአት። ስስ ትሁን፤ ከቁልፉ ጠርዝ ወደ ታች ከፈሰሰች ቁልፉን ታጣብቀዋለች።

ስሕተት ሲሆን በአሴቶን ለማጥፋት አይሞክሩ! አሴቶን ኤቢኤስ ፕላስቲክን ያቀልጠዋል። ቁልፉ ይጨማደዳል፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም። የደረቀውን በጥፍርዎ ወይም በፕላስቲክ ጠርዝ ፍቀው ያንሡት።

ላፕቶፕ ከሆነስ?

ሦስት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቁልፉን ለማውጣት አይቸኩሉ። የላፕቶፕ ቁልፍ ከሥሩ እንደ መቀስ የተጠላለፈ ቀጭን ፕላስቲክ አለው፤ መያዣ ጥርሶቹ እንደ ፀጉር ስስ ናቸውና አንዱ ከተሰበረ ቁልፉ አይቀመጥም። ስቲከርም ሆነ ቀለም ቁልፉ በቦታው ሳለ ይሠራ።

ሁለተኛ፣ የሚለጠፈው ነገር ስስ ይሁን። ክዳኑ ሲዘጋ በስክሪኑና በቁልፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ወፍራም ስቲከር ስክሪኑ ላይ ምልክት ይተዋል።

ሦስተኛ፣ ከሥር መብራት ያለው ከሆነ ቁልፉ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተሠርቶ በላዩ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው፤ ፊደሉም ጥቁሩ በሌዘር ተነሥቶ የተከፈተ መስኮት ነው። እንዲህ ያለው ቁልፍ ሲያረጅ ፊደሉ አይጠፋም፤ ይልቁንም ዙሪያው ጥቁር እየለቀቀ ብርሃኑ በየቦታው ይፈነጥቃል። የብርጭቆ ወረቀት የከለከልኩት ለዚህ ነው። ወረቀት ስቲከር ቢለጥፉበት ይነበባል፤ ማታ ግን መብራቱ አያልፍም። ብርሃኑን ማዳን ከፈለጉ ጥቁሩ የለቀቀበትን ዙሪያ በጥቁር ማርከር መሙላት ይበቃል።

ሌላ ኪቦርድ ላይ ያለውን ቁልፍ አውጥቼ ብቀይረውስ?

ለዴስክቶፕ ኪቦርድ ይህ በጣም ጥሩ መንገድ ነው፤ ሞዴሉ አንድ ከሆነ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ደርሶ ካለፈ በኋላ እኔ ሥራዬን መልሼ የከፈትኩት ከሦስት የተሰባበሩ ኪቦርዶች አንድ ሙሉ አውጥቼ ነው። ዛሬም ያገለገለ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ሄደው የሞተ ኪቦርድ ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ በትንሽ ዋጋ ይሰጥዎታል።

ሳይነኩት በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ሁለት የወረቀት መያዣ ሽቦዎችን ዘርግተው ጫፋቸውን አጥፈው፣ በቁልፉ ሁለት ተቃራኒ ጎኖች አስገብተው ቀጥታ ወደ ላይ ይሳቡ። በቢላ ከአንድ ጎን መፈንቀል መሐል ያለውን ዘንግ ይሰብረዋል። ክፍት ቦታ የሚያደርገውን ረጅም ቁልፍ፣ ኢንተርንና ሺፍትን ይተዉአቸው፤ ከሥራቸው ሚዛን የሚጠብቅ ሽቦ አላቸው፤ እሱን መመለስ ያስለቅሳል። ደግሞም በብዙ ኪቦርዶች የየረድፉ ቁልፍ አናት የተለያየ ዘንበል ስላለው የላይኛውን ረድፍ ቁልፍ ታች ቢያስገቡት ጣት ይወለካከፋል።

የአማርኛውን ፊደል የት ላይ ላትመው?

በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የተማሩ ታላላቆቻችን ፊደሉ እዚያው ቁልፉ ላይ ስለነበር “ኮምፒውተሩ ፊደላችንን ለምን አይጽፍም?” ይሉኛል። ጥያቄው ይገባኛል። 33ቱ የፊደል ዘሮች በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የላቲን ፊደል የሚይዙት ቁልፎች ደግሞ 26 ናቸው። ስለዚህ በድምፅ ስልት ለሚጽፍ ሰው በቁልፉ ላይ የሚያስፈልገው የዘሩ መነሻ ፊደል ብቻ ነው፤ ቀሪውን አናባቢው ይሠራዋል።

አብዛኞቹ ግልጽ ናቸው፤ ኤል ላይ ለ፣ ኤም ላይ መ፣ አር ላይ ረ፣ ቢ ላይ በ፣ ኬ ላይ ከ፣ ዲ ላይ ደ። ጀማሪን የሚያደናግሩት እነዚህ ናቸው፦ ኪው ላይ ቀ፣ ኤክስ ላይ ሸ፣ ሲ ላይ ቸ። ከሺፍት ጋር ደግሞ ቲ ጠን፣ ሲ ጨን፣ ኤን ኘን ይሰጣሉ። በስቲከሩ ላይ ላቲኑን ከላይ በግራ፣ የአማርኛውን ከታች በቀኝ አድርጌ አትማለሁ፤ የሺፍቱን ፊደል ደግሞ አነስ አድርጌ ከላይ በቀኝ። በኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦና ዩ ላይ ግን የላቲኑን ብቻ ይተዉ። አናባቢነታቸው ስለሚበልጥ አ ወይም ኢ ቢጽፉባቸው ተማሪው ቁልፉን የሚጫነው ያንን ፊደል ሲፈልግ ብቻ ይመስለዋል።

የተለያዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በዝርዝሩ፣ በተለይ በሺፍት ፊደሎችና በአናባቢ አሰጣጥ፣ ይለያያሉ። ከማተምዎ በፊት በራስዎ ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ ብቻውንና ከሺፍት ጋር ተጭነው የሚወጣውን ወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ ሳላረጋግጥ ለአንድ ማሠልጠኛ አትሜ አሥራ ሁለት ኪቦርድ ስቲከር መልሼ ልጫለሁ።

ሁሉም ፊደል ጠፍቷል። የቱ የት እንደነበረ እንኳን አላውቅም!

ስልክዎን ያውጡና የእንግሊዝኛ መጻፊያውን ይክፈቱ፤ የፊደሎቹ አቀማመጥ አንድ ነው። ላይኛው ረድፍ ከግራ ኪው፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ፣ ዩ፣ አይ፣ ኦ፣ ፒ፤ መካከለኛው ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል፤ ታችኛው ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቪ፣ ቢ፣ ኤን፣ ኤም። ይህ ቅደም ተከተል በ1874 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበው የሾልስና ግሊደን የጽሕፈት መኪና በመጠኑ ብቻ ተሻሽሎ የመጣ ነው፤ ለዚህ ነው የትም ሀገር የተሠራ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ የሚመሳሰለው። ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ኮንትሮልን፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና የኦ ፊደልን ቁልፍ አብረው ቢጫኑ ኪቦርድ በስክሪኑ ላይ ይመጣል።

ልጄ ጽሕፈት እየተማረች ነው። ፊደሉን ላድስላት ወይስ ባዶውን ልተወው?

ይህ ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ነው። ኤፍና ጄ ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ጉብታ አለች። የግራ አመልካች ጣት ኤፍ ላይ፣ የቀኙ ጄ ላይ ሲያርፍ ሌሎቹ ጣቶች ያለ ዓይን ቦታቸውን ያገኛሉ። በደንብ የሚጽፍ ሰው ቁልፎቹን አያይም፤ ፊደል ቢኖርም ባይኖርም ለእሱ አንድ ነው። አንዳንድ አስተማሪዎችም ሆን ብለው ፊደሉን በወረቀት ይሸፍኑታል።

ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ኪቦርድ ፊት የተቀመጠች ልጅ ተስፋ ትቆርጣለች። የቁልፎቹን ሥዕል በትልቁ አትመው ከስክሪኑ ሥር፣ በዓይኗ ትይዩ ይለጥፉላት። ፊደል ስትፈልግ ቀና ትላለች እንጂ ወደ እጇ አታጎነብስም። ቁልፎቹን ባዶ ይተዉአቸው። ከእኔ ዘንድ በዚህ መንገድ የተማሩት ቁልፍ እያዩ ከተማሩት ፈጥነው ሲጽፉ አይቻለሁ።

ኪቦርዱ የጋራ ከሆነ ግን፣ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪም ሆነ ባለ ጉዳይ የሚቀመጥበት ቢሮ፣ ፊደሉ መታደስ አለበት። አንዱ ጸሐፊ ስለለመደው ብቻ ሌላው መቸገር የለበትም። በኤፍና በጄ ላይ ስቲከር ሲለጥፉ ጉብታዋን እንዳይሸፍኗት አጠር አድርገው ይቁረጡት።

ስቲከሩ ተነሥቶ ሙጫው ቁልፉን አጣበቀው። ምን ላድርግ?

ከኮምቦልቻ የሚመጣልኝ ጥያቄ በአብዛኛው ይህ ነው፤ ሙቀት ሙጫን ያለሰልሳል። ጥጥ የምግብ ዘይት ነካ አድርገው ሙጫውን ይሹት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በጨርቅ ያንሡት። ዘይቱን በፈሳሽ ሳሙና፣ ሳሙናውን በእርጥብ ጨርቅ፣ በመጨረሻም ቁልፉን በአልኮል ያጽዱ። ዘይት የቀረበት ቁልፍ አዲስ ስቲከር አይቀበልም።

አዲስ መግዛት የሚሻለው መቼ ነው?

ቁልፎቹ መጻፍ ሲያቅታቸው፣ ወይም ለጥገናው የሚያወጡት ወጪ ከርካሹ ኪቦርድ ዋጋ ግማሽ ሲደርስ። ሲገዙ ሻጩን አስፈቅደው አንድ ቁልፍ ያውጡና ከሥሩ ይመልከቱ፤ ሁለት ቀለም ያለው ፕላስቲክ ከታየ ፊደሉ የማይጠፋው ዓይነት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ያዋጣል። አሮጌውን አይጣሉት። ቁልፎቹን አውጥተው በሳሙና ውሃ ያጥቡና በደንብ አድርቀው፣ የሞዴሉን ስም ወረቀት ላይ ጽፈው አብረው በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ያስቀምጡ። እኔ ዘንድ እንዲህ ያሉ ጣሳዎች አራት አሉ፤ ሞዴሉ ከተገኘ ቁልፉን ያለ ክፍያ እሰጣለሁ።